የሠላሳ ዓመት ፍርድ፦ የቆልማማ እግር ሕክምና ውሳኔዎች ታሪክ

(በትምህርት ክፍሉ የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



ርእሱን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ያያችሁ አንዳንዶቻችሁ «የታሪክ መምህር ስለ ሕፃን እግር ምን አገባው?» ሳትሉ አልቀራችሁም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሁለት መልስም አለው። አንዱ የሙያ ነው፤ ወደ እርሱ እመጣለሁ። ሌላው ግን ወደዚህ መድረክ ስወጣ ያያችሁት ነው። በግራ እግሬ አነክሳለሁ።

የተወለድኩት በ1962 ዓ.ም. ከደብረ ማርቆስ ብዙም በማይርቅ የገጠር መንደር ነው። ግራ እግሬ ወደ ውስጥ ዞሮ፣ ተረከዜ ወደ ላይ ተሰቅሎ፣ ውስጥ እግሬ ሌላኛውን እግር እያየ ነበር የተወለድኩት። በአርባ ቀኔ ክርስትና እንደ ተነሣሁ እናቴ አዝላኝ ወደ ወጌሻ ሄደች። ወጌሻው እግሬን በቅቤ እያሸ፣ በቀርከሃ ስንጣሪ እየጠገነ ለወራት ደከመ። እግሩ ሲታሽ ይለሰልሳል፣ ሲፈታ ይመለሳል። አራት ዓመት ሲሞላኝ አባቴ አንድ በሬ ሸጦ አዲስ አበባ ወደሚገኝ ሆስፒታል ወሰደኝ። ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ፤ በዘጠኝ ዓመቴም ተደገመ። ከዚያ በኋላ እግሬ ቀጥ አለ። ቀጥ ማለቱን ያየ ሰው ሁሉ እግዚአብሔርን አመሰገነ። ችግሩ ቀጥ ያለው እግር የማይታጠፍ መሆኑ ነበር። ዛሬ ዳገት ስወጣ ቁርጭምጭሚቴ እንደ እንጨት ነው፤ ቁልቁለት ስወርድ ሕመሙ እስከ ጉልበቴ ይወጣል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በአመል ሰነድ ፈላጊ ነኝና፣ የሕክምና ካርዴን ፍለጋ ወደዚያ ሆስፒታል ሄጄ ነበር። የቆዩ ካርዶች በቦታ ጥበት ምክንያት እንደ ተወገዱ በትሕትና ነገሩኝ። የሙያ መልሴ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ዛሬ ላስረዳችሁ የምሞክረው አንድ ነገር ነው፤ በሕፃን እግር ላይ የሚወሰነው ውሳኔ በአንድ ቀን ይወሰናል፣ ትክክል መሆኑ አለመሆኑ ግን የሚታወቀው ሕፃኑ ጎልማሳ ሲሆን ነው። የዚህ ሕክምና ታሪክ የተለወጠውም አዲስ መሣሪያ ስለ ተፈለሰፈ ሳይሆን አንድ ሐኪም አሮጌ መዝገብ ገልጦ የድሮ ሕሙማንን መልሶ ስለ ጠራ ነው።

ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ላሳስብ።

በመጀመሪያ ስለ ነገሩ ምንነት ጥቂት ልበል። ቆልማማ እግር ከ1,000 ሕፃናት በአንዱ ገደማ ላይ ይታያል። በወንዶች ላይ ከሴቶች እጥፍ ያህል ይበዛል፤ ከሕፃናቱ ግማሽ ያህሉም በሁለቱም እግሮቻቸው ይወለዱበታል። አብዛኞቹ ከዚህ በቀር ምንም የሌለባቸው ጤናማ ልጆች ናቸው። መንስኤው ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልታወቀም፤ የዘር ድርሻ እንዳለበት ግን ይታወቃል። በእርግማንም ሆነ በእናት ጥፋት የሚመጣ አይደለም። ይህን አስረግጬ የምናገረው ጣት ሁልጊዜ የሚቀሰረው ወደ እናት ስለ ሆነ ነው። በ1788 የተወለደው እንግሊዛዊው ባለቅኔ ሎርድ ባይረን በቀኝ እግሩ ያነክስ ነበር፤ የእግሩ ሕመም በትክክል ምን እንደ ነበር እስከ ዛሬ ያከራክራል። ባይረን ግን ክርክር አላስፈለገውም፤ ለእግሩ የሚወቅሰው እናቱን ነበር። የእኛም አገር እናቶች ይህን ወቀሳ ያውቁታል።

ስለዚህ ሕክምና በዝርዝር ከጻፉት ቀደምቶች ዋነኛው ሂፖክራተስ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ400 ዓመት አካባቢ በተጻፈውና ስለ መገጣጠሚያዎች በሚያትተው ድርሳን ውስጥ የሚሰጠው ምክር ያስደንቃል። አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ እግሮች ሊድኑ ይችላሉ፤ ሕክምናው በተቻለ መጠን በጨቅላነት ይጀመር፤ እግሩ በእጅ በዝግታ፣ ሰም እንደሚያበጅ ሰው፣ ወደ ቦታው ይመለስ፤ በጨርቅ ይጠቅለል፤ ከተስተካከለም በኋላ በጫማ ይያዝ ይላል። በዝግታ፣ በእጅ፣ በጨቅላነት፣ ከዚያም በጫማ። እነዚህን አራት ነጥቦች እባካችሁ ያዙልኝ። ከ2,300 ዓመታት በኋላ መልሰን እናገኛቸዋለን።

በመካከሉ ምን ሆነ? ትዕግሥት አለቀ። ከ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በአውሮፓ እጅን በብረት የመተካት ዝንባሌ በረታ፤ ብሎን ያላቸው፣ በየጊዜው የሚጠብቁ መሣሪያዎች ተሠሩ። ባይረንን በልጅነቱ ኖቲንግሃም ከተማ ውስጥ ሐኪም ነኝ ባይ ሰው እግሩን በእንጨት መሣሪያ እየጠመዘዘ አሠቃይቶታል። በአንጻሩ ጣሊያናዊው አንቶኒዮ ስካርፓ በ1803 ባሳተመው ጥናት የእግሩን አጥንቶች አቀማመጥ መርምሮ፣ ታለስ ከሚባለው የቁርጭምጭሚት አጥንት ዙሪያ ያሉት አጥንቶች ወደ ውስጥ እንደ ዞሩ አመለከተ። ይህም ግንዛቤ ቆይቶ ዋጋ ያገኛል።

ቀጥሎ የመጣው ቢላዋ ነው። በ1816 ፈረንሳዊው ዴልፔሽ በሞንፔልዬ የተረከዝን ጅማት ቆረጠ፤ ቁስሉ ግን አመረቀዘ፤ እርሱም ሥራውን አልገፋበትም። በ1831 ጀርመናዊው ሽትሮማየር በሃኖቨር ከተማ ቆዳውን በሰፊው ሳይከፍት፣ በጠባብ ቀዳዳ ቀጭን ቢላዋ አስገብቶ ጅማቱን መቁረጥ ጀመረ። ቁስሉ ጠባብ ስለ ነበር ቶሎ ይድናል። ይህን የሰማ አንድ ወጣት እንግሊዛዊ ሐኪም ነበር፤ ዊልያም ጆን ሊትል ይባላል። በልጅነቱ በፖሊዮ ምክንያት እግሩ ቆልማማ ሆኖ ቀርቶ ነበር። የአገሩ ሐኪሞች እንዳይቆረጥ መከሩት፤ እርሱ ግን በ1836 ሃኖቨር ድረስ ሄዶ በራሱ እግር ላይ ወሰነ። ውጤቱም አማረ። ጥበቡን ተምሮ ወደ ለንደን ተመለሰና ለእንዲህ ያሉ ሕሙማን የሚሆን ሆስፒታል አቋቋመ።

የሊትልን ታሪክ ስናነብ ደስ ይለናል። ነገር ግን ልብ እንበል፤ ሊትል አዋቂ ነበር፣ ሐኪም ነበር፣ የወሰነውም በራሱ እግር ላይ ነው። የሕሙማኑ ብዛት ግን ከዚህ የራቀ ነው፤ ሌሎች ይወስኑላቸዋል። ይህን ልዩነት ከሐኪሞች ቀድሞ ያየው ደራሲ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በ1857 በመጽሐፍ መልክ የወጣው የጉስታቭ ፍሎቤር ልቦለድ «ማዳም ቦቫሪ» ውስጥ ኢፖሊት የሚባል የፈረስ ጋጣ ሠራተኛ አለ። እግሩ ቆልማማ ነው፤ ሆኖም ሥራውን እየሠራ በእግሩ ጸንቶ ይኖራል። የመንደሩ መድኃኒት ቀማሚ ስለ አዲሱ ቀዶ ሕክምና አንብቦ ለከተማው ክብር፣ የሐኪሙ ሚስት ለባሏ ዝና ሲሉ ያግባባሉ፤ ባልየውም ጅማቱን ይቆርጣል። ቁስሉ ይበሰብሳል፤ በመጨረሻም እግሩ ከጭን ይቆረጣል። የፍሎቤር አባት በሩዋን ከተማ የታወቀ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበር፤ ልጁ ሆስፒታል ውስጥ አድጓል። ስለዚህ ጥያቄውን ያነሣው ከውስጥ ሆኖ ነው፦ ይህ ቀዶ ሕክምና የሚደረገው ለማን ነው?

በ1846 ኤተር ለማደንዘዣነት በአደባባይ ታየ። በ1867 ሊስተር ቁስልን ከማመርቀዝ የሚከላከልበትን ዘዴ አሳተመ። ሁለቱም ለሰው ልጅ በረከት ናቸው። ለቆልማማ እግር ግን በረከቱ ዳፋ ነበረው፤ ሕመምና ማመርቀዝ ቢላዋውን ገድበውት ነበር፣ አሁን ገደቡ ተነሣ። ጅማት ብቻ ሳይሆን የመገጣጠሚያ ማሰሪያ ተቆረጠ፣ አጥንት ተፈለጠ። በሊቨርፑል ሂው ኦወን ቶማስ እግርን በብረት መፍቻ በኃይል ማዞርን አስተማረ። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አሜሪካዊው ካይት በቢላዋውና በኃይሉ ላይ አምፆ ጀሶን ደረጃ በደረጃ መቀየርን ሰበከ። አሳቡ ቅን ነበር። ነገር ግን እግሩን ሲያቀና የሚገፋበት ቦታ ልክ ስላልነበረ ተረከዙ እንዳይዞር ያግደው ነበር፤ ሕክምናውም ለብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይጓተታል። ወላጅም ሐኪምም ሰለቹ። በ1971 ቱርኮ እግሩን በአንድ ጊዜ ሰፊ ቀዶ ሕክምና የሚያቀናበትን ዘዴ ሲያሳትም ዓለም በደስታ ተቀበለው። የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ በራጅ ላይ ያምራል፤ ፎቶ ግራፉም ከፊትና ከኋላ ተነጻጽሮ ይቀርባል።

ፎቶ ግራፉ የሚነሣው ግን ሕፃኑ ገና ልጅ ሳለ ነው። የእኔም እግር በዚያ ዕድሜ ፎቶ ቢነሣ መማሪያ መጽሐፍ ላይ ይወጣ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ሰው ደረስን። ኢግናሲዮ ፖንሴቲ በ1914 ሜኖርካ በምትባለው የስፔን ደሴት ተወለደ። አባቱ የሰዓት ሠራተኛ ነበር። በባርሴሎና ሕክምና ተማረ፤ የተመረቀው በ1936 የእርስ በርስ ጦርነቱ በፈነዳበት ሰሞን ነው። በሪፐብሊካኑ ጦር ውስጥ በሐኪምነት አገለገለ። ጦሩ ሲሸነፍ ቁስለኞችን በበቅሎ አስጭኖ የፒሬኔስን ተራሮች ተሻግሮ ፈረንሳይ ገባ። ከዚያ ወደ ሜክሲኮ ተሰደደ፤ በ1941 ደግሞ በአሜሪካ ወደ አይዋ ዩኒቨርሲቲ መጣ። በዚያ የአጥንት ሕክምና ክፍሉን የሚመራው ስታይንድለር አንድ ሥራ ሰጠው፤ በክፍሉ ቀደም ሲል ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ቆልማማ እግሮች ውጤት እንዲያጣራ።

ተማሪዎቼ፣ እዚህ ላይ ቆም በሉ። ይህ ሥራ የእኛ ሥራ ነው። ፖንሴቲ መዝገብ ገለጠ፣ የድሮ ሕሙማንን ፈልጎ አገኘ፣ ሲራመዱ አየ። ያገኘውም የደነደነና የሚያም እግር ነበር። በቀዶ ሕክምና ማግስት «ተስተካክሏል» ተብሎ የተጻፈለት እግር ከዓመታት በኋላ አልታጠፍ ብሏል። ምክንያቱን ሲመረምር፣ የሕፃን ማሰሪያዎች በዝግታ ሲሳቡ እንደሚረዝሙ፣ በቢላዋ ሲቆረጡ ግን ጠባሳ እንደሚተክሉ ተረዳ። የእግሩ አጥንቶችም አንድ በአንድ ሳይሆን በታለስ ዙሪያ አብረው እንደሚዞሩ አየ፤ ስካርፓ የጠቆመውን ማለት ነው።

በ1940ዎቹ መጨረሻ የጀመረው ዘዴ እንዲህ ነው። ሐኪሙ እግሩን በእጁ በዝግታ ያቀናና ጀሶ ያደርግለታል፤ ጀሶው በየሳምንቱ ይቀየራል፤ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ወይም ስድስት ጀሶ ይበቃል። በአብዛኞቹ ሕፃናት የተረከዝ ጅማት በጠባብ ቀዳዳ ይቆረጣል፤ የሽትሮማየር ትሩፋት እዚህ ላይ ነው። የመጨረሻው ጀሶ ለሦስት ሳምንት ይቆያል። ከዚያ በኋላ በዘንግ የተያያዙ ሁለት ጫማዎች ይደረጋሉ፤ ለሦስት ወር በቀን 23 ሰዓት፣ ከዚያም እስከ አራት ዓመት ድረስ በእንቅልፍ ሰዓት። በዝግታ፣ በእጅ፣ በጨቅላነት፣ ከዚያም በጫማ። ሂፖክራተስ ተመለሰ።

ፖንሴቲ ውጤቱን በ1963 አሳተመ። ሰሚ ግን አላገኘም ማለት ይቻላል። ቱርኮ የመጣውና የተጨበጨበለት ከዚያ በኋላ መሆኑን አስተውሉ። ፍርዱን የለወጠው እንደገና መዝገብ ነው። በ1995 ኩፐርና ዲትዝ በአይዋ የታከሙ 45 ሰዎችን ከ30 ዓመት በኋላ ጠርተው መረመሩ፤ 78 በመቶዎቹ እግራቸው በጣም ጥሩ ወይም ጥሩ ሆኖ ተገኘ። ለንጽጽር በተመረመሩት፣ ያለ ምንም የእግር ጉድለት በተወለዱ ሰዎች ዘንድ ቁጥሩ 85 በመቶ ነበር። በ1996 ፖንሴቲ በ80ዎቹ የዕድሜ ዘመኑ ላይ ሆኖ መጽሐፉን አሳተመ። ይህም ሆኖ ዘዴውን ለዓለም ካዳረሱት መካከል ወላጆች ይገኛሉ፤ በኢንተርኔት እየተጠራሩ፣ ቀዶ ሕክምና የታዘዘላቸውን ልጆች ይዘው ወደ አይዋ ይጎርፉ ጀመር። ሰፊውን ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ልጆች ጎልምሰው ሲመረመሩ ደግሞ የብዙዎቹ እግር ደንድኖ፣ መገጣጠሚያቸው አርጅቶ ተገኘ። ፖንሴቲ በ2009 በ95 ዓመቱ አረፈ፤ ፍርዱን ለመስማት ዕድሜ ካገኙ ጥቂት ሐኪሞች አንዱ ነበር።

ዘዴው ለአፍሪካ የሚስማማበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ የቀዶ ሕክምና ክፍል ሳይሆን ጀሶ፣ የሠለጠነ እጅና ጊዜ ነው የሚፈልገው። ኡጋንዳ ከ1999 ጀምሮ፣ ማላዊም በበኩሏ፣ ሐኪም ያልሆኑ የጤና ባለሙያዎችን አሠልጥነው አሠርተዋል። በአገራችንም በ2008 በአዲስ አበባ የተከፈተው ኪዩር የሕፃናት ሆስፒታልና በየክልሉ ያሉ ክሊኒኮች በዚሁ ዘዴ ያክማሉ። በዓመት ከ3 ሚሊዮን በላይ ሕፃናት በሚወለዱበት አገር፣ ከ1,000 አንድ ማለት ከ3,000 በላይ ሕፃናት ናቸው፤ በየዓመቱ።

ነገር ግን ዘዴው ውሳኔውን ከሐኪሙ እጅ አውጥቶ ወደ ቤት አስገብቶታል። የተስተካከለው እግር የሚያገረሽበት ዋናው ምክንያት ጫማው መተዉ ነው። ቀድሞ ወላጅ አንድ ጊዜ ይፈርማል፣ ሐኪሙ ይቆርጣል። ዛሬ እናት በየምሽቱ፣ ለአራት ዓመት፣ ልጇ እያለቀሰ፣ ጎረቤት «ኧረ አታሠቃዪው፣ ቀንቶ የለም እንዴ» እያለ፣ ጫማውን ማሰር አለባት። ቀዶ ሕክምና በድፍረት ይሠራል፤ ይህኛው የሚሠራው በጽናት ነው። የክሊኒኩ ርቀት፣ የመጓጓዣ ወጪ፣ የባል ተቃውሞ፣ ሁሉም በዚያች ሌሊት ውሳኔ ውስጥ ይገባሉ። ስለዚህ ያቋረጠችውን እናት «ቸልተኛ» ብሎ በካርድ ላይ መጻፍ ምንም አያስረዳም። ለምን እንዳቋረጠች መጠየቅ ግን ያስረዳል።

ባለፈው ክረምት እናቴን ልጠይቅ ወደ አገር ቤት ሄጄ ነበር። ዕድሜዋ ከ80 አልፏል። የጎረቤት ወጣት እናት የስድስት ወር ልጇን ይዛ መጣች፤ ሁለት ትንንሽ ጫማዎች፣ በመካከላቸው ዘንግ። እግሩ እንደ ማንኛውም ሕፃን እግር ለስልሷል፤ በእጄ ወደ ላይና ወደ ታች አንቀሳቀስኩት፣ ታጠፈ። «ጋሼ» አለችኝ፣ «ሌሊት አላስተኛን አለ። ድኗል እኮ፤ ላውልቅለት ወይ?» እኔ መልስ ሳልሰጥ እናቴ ቀደመችኝ፦ «አታውልቂ ልጄ። እኔን እሰሪ ያለኝ ሰው ቢኖር ኖሮ አልፈታም ነበር።»

ሴትዮዋ ከሄደች በኋላ እናቴ ለ50 ዓመት ይዛው የቆየችውን ጥያቄ ጠየቀችኝ፦ «ያን ጊዜ አጥፍቼ ይሆን?»

እኔ በተወለድኩበት ጊዜ የፖንሴቲ ጽሑፍ ከታተመ ሰባት ዓመት ገደማ አልፎት ነበር። ወደ ጎጃም ቀርቶ በዚያው በአሜሪካ ወዳሉት አብዛኞቹ ሆስፒታሎች አልደረሰም። ወጌሻው በዝግታና በእጅ መሥራቱ ልክ ነበር፤ አጥንቱ የሚዞርበትን መንገድ የሚያሳየው አልነበረም። የቆረጠኝ ሐኪም በዘመኑ የሚያስመሰግነውን ሠራ። አባቴ በሬውን ሸጠ። ከእነዚህ ሰዎች መካከል ጥፋተኛ ብፈልግ አላገኝም። «አላጠፋሽም እማዬ» አልኳት። ይህን ያልኩት ልጇ ስለ ሆንኩ ብቻ አይደለም፤ ያለፈን ሰው በዘመኑ ሊያውቅ ይችል በነበረው መመዘን ሙያዬ ያስተማረኝ ስለ ሆነ ነው።

ይህ ምሕረት ግን ለእኛ አይሠራም፤ እኛ እናውቃለንና። በአገራችን በዚህ ዘዴ ከታከሙት ሕፃናት የመጀመሪያዎቹ ዛሬ ወጣቶች ናቸው። ከ10 እና ከ15 ዓመት በኋላ የሠላሳ ዓመት ፍርዳቸው ይደርሳል። ማን ይጠራቸዋል? በየትኛው መዝገብ? ካርዳቸው እንደ ካርዴ በቦታ ጥበት ከተወገደ፣ ዘዴው በእኛ ዳገትና በእኛ ቁልቁለት፣ በባዶ እግር በሚታረስበት ማሳ ላይ እንዴት እንደ ሠራ የምናውቀው ከሌላ አገር መጽሐፍ ብቻ ይሆናል። የታሪክ፣ የሕክምናና የመዛግብት አያያዝ ተማሪዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ብትቀመጡ ሊሠራ የሚችል ሥራ ነው። አንድ ክሊኒክ ምረጡ፤ ካርዶቹ የት እንዳሉ ጠይቁ፤ ከዚያ ጀምሩ።